የሴቶች ሩጫ ክብረ ወሰኖች፦ ደንብ፣ ማረጋገጫና ተመልካች
ለወረታ ከተማና ለፎገራ ሯጮች፣ ወላጆች፣ አሠልጣኞችና የውድድር አዘጋጆች የቀረበ መረጃ

የኢትዮጵያ ሴት ሯጮች ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ባሉት ርቀቶች በዓለም መድረክ ይታወቃሉ። ስለ ድላቸው ብዙ ሲነገር፣ ድሉ በመዝገብ ላይ እንዲሰፍር የሚያስችለው ደንብ ግን በሚገባ አይታወቅም። በዚህም ምክንያት ታዳጊ ሯጮች ለፍተው ያገኙት ሰዓት ሳይያዝላቸው ይቀራል፣ የዕድሜ ማስረጃቸው ጥያቄ ያስነሳል፣ ወይም ባላወቁት መድኃኒት ሳቢያ ከውድድር ይታገዳሉ። ይህ ጽሑፍ የሴቶችን የሩጫ ክብረ ወሰኖች፣ እነዚህን የሚገዙትን ደንቦችና የተመልካቹን ሚና በአጭሩ ያስረዳል። በፎገራ ሜዳና በአካባቢው ለሚሮጡ ሴቶች ደንቡ ምን ትርጉም እንዳለውም ያመለክታል።

በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት የውድድር ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓት የተጻፈው በሰዓት፣ በደቂቃና በሰከንድ ቅደም ተከተል ነው፤ ለምሳሌ 2:11:53 ማለት 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ነው።

1. ክብረ ወሰን ምን ማለት ነው?

ክብረ ወሰን ማለት በአንድ ርቀት ከተመዘገቡት ሰዓቶች ሁሉ ፈጣኑ ብቻ አይደለም፤ ፈጣን መሆኑ በደንቡ መሠረት የተረጋገጠለት ሰዓት ነው። ሯጯ የመጨረሻውን መስመር ስታልፍ በሰዓት ሰሌዳው ላይ የሚታየው ቁጥር ክብረ ወሰን የሚሆነው የመንገዱ ልኬት፣ የሰዓት አያያዙ፣ የጫማዋ ዓይነትና የአበረታች ቅመሞች ምርመራ ውጤት ተጣርቶ፣ የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል ሲያጸድቀው ነው።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠ አስተማሪ የሚሆነው የአትሌት ያለምዘርፍ የኋላው ገጠመኝ ነው። አትሌቷ ኦገስት 29 ቀን 2021 በሰሜን አየርላንድ ላርን ከተማ በተካሄደ የግማሽ ማራቶን ውድድር ከ1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች ገባች። በወቅቱ የነበረው የዓለም ክብረ ወሰን 1:04:02 ስለነበር ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ። መንገዱ ከውድድሩ በኋላ እንደገና ሲለካ ግን 54 ሜትር ጎድሎ ተገኘ። ጉድለቱ ከ21 ኪሎ ሜትር ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ባይመስልም ሰዓቱ ሳይጸድቅ ቀረ። ጥፋቱ የሯጯ አልነበረም፤ ያጣችው ግን እርሷ ናት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 24 ቀን በስፔን ቫሌንሲያ አትሌት ለተሰንበት ግደይ በትክክል በተለካ መንገድ 1:02:52 በመሮጥ ክብረ ወሰኑን የግሏ አደረገች።

2. ሴቶች ረጅም ርቀት መሮጥ የጀመሩት መቼ ነው?

ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ በዚያው ኦሊምፒክ ሴቶች እንዲሮጡ የተፈቀደላቸው ረጅሙ ርቀት 800 ሜትር ነበር። ይህም ርቀት በ1928 በአምስተርዳም ለሴቶች ከተካሄደ በኋላ ተሰርዞ ለ32 ዓመታት ሳይካሄድ ቆይቶ ነው የተመለሰው። ከዚያ በኋላ የሴቶች ርቀቶች ወደ ኦሊምፒክ የገቡት እንደሚከተለው ነው፦

— 1,500 ሜትር፦ በ1972 በሙኒክ
— 3,000 ሜትርና ማራቶን፦ በ1984 በሎስ አንጀለስ
— 10,000 ሜትር፦ በ1988 በሴኡል
— 5,000 ሜትር፣ በ3,000 ሜትር ምትክ፦ በ1996 በአትላንታ

የ10,000 ሜትር ውድድር ለሴቶች በተፈቀደ በ4ኛው ዓመት፣ በ1992 በባርሴሎና፣ አትሌት ደራርቱ ቱሉ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች፤ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶችም የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ አሸናፊ ሆነች። በ1996 በአትላንታ አትሌት ፋጡማ ሮባ የኦሊምፒክን ማራቶን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች ቀዳሚ ሆነች። ከዚህ የሚታየው፣ ኢትዮጵያውያቱ በር በተከፈተላቸው ጊዜ ለመግባት ዝግጁ እንደነበሩ ነው። በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ደንብ ነው።

3. ኢትዮጵያውያት ያስመዘገቧቸው ዋና ዋና የዓለም ክብረ ወሰኖች

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሰዓቶች በተመዘገቡበት ዕለት የዓለም ክብረ ወሰን የነበሩ ናቸው። ከፊሎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል።

5,000 ሜትር
— መሠረት ደፋር፦ 14:24.53፣ ኒው ዮርክ፣ 2006፤ እንዲሁም 14:16.63፣ ኦስሎ፣ 2007
— ጥሩነሽ ዲባባ፦ 14:11.15፣ ኦስሎ፣ 2008
— ለተሰንበት ግደይ፦ 14:06.62፣ ቫሌንሲያ፣ 2020
— ጉዳፍ ፀጋይ፦ 14:00.21፣ ዩጂን፣ 2023

10,000 ሜትር
— አልማዝ አያና፦ 29:17.45፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ 2016
— ለተሰንበት ግደይ፦ 29:01.03፣ ሄንገሎ፣ 2021

1,500 ሜትር
— ገንዘቤ ዲባባ፦ 3:50.07፣ ሞናኮ፣ 2015

ግማሽ ማራቶን
— ለተሰንበት ግደይ፦ 1:02:52፣ ቫሌንሲያ፣ 2021

ማራቶን
— ትዕግሥት አሰፋ፦ 2:11:53፣ በርሊን፣ 2023
— ትዕግሥት አሰፋ፣ ሴቶች ብቻ በተሳተፉበት ሩጫ፦ 2:15:50፣ ለንደን፣ 2025

በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው የክብረ ወሰን ዕድሜ እኩል አለመሆኑ ነው። አትሌት አልማዝ አያና በሪዮ ያሻሻለችው ሰዓት በ1993 የተመዘገበና 23 ዓመት የቆየ ነበር። በአንጻሩ በሄንገሎ በጁን 2021 በትውልድ ኢትዮጵያዊት የሆነችው የኔዘርላንድስ አትሌት ሲፋን ሀሰን ያስመዘገበችው 29:06.82 በለተሰንበት ግደይ የተሻሻለው በሁለተኛው ቀን፣ በዚያው መም ላይ ነው። የ5,000 ሜትሩ ክብረ ወሰንም በጁላይ 2025 በኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት 13:58.06 ሆኖ፣ ርቀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት ከ14 ደቂቃ በታች ተሮጧል።

ሁለተኛው ነጥብ በማራቶን ሥር የአንዲት አትሌት ሁለት ሰዓቶች መስፈራቸው ነው። የምክንያቱ ማብራሪያ በሚቀጥለው ክፍል ቀርቧል።

4. «የድብልቅ» እና «የሴቶች ብቻ» ክብረ ወሰን

በጎዳና ላይ ሩጫ የሴቶች ክብረ ወሰን በሁለት መዝገብ ይያዛል። አንደኛው ወንዶችና ሴቶች አንድ ላይ በሚሮጡበት ውድድር የተገኘ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ሴቶች ብቻ በተነሡበት፣ ወንድ አሯሯጭ በሌለበት ውድድር የተገኘ ሰዓት ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከአሯሯጮች ነው። አሯሯጭ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይጠብቃል፣ ነፋሱንም ይከላከላል። ሴቶችና ወንዶች አብረው ሲሮጡ ወንድ አሯሯጭ አንዲትን ሴት እስከ መጨረሻው ሊያደርሳት ይችላል። በሴቶች ብቻ ውድድር ግን መሪዋ በርቀቱ አጋማሽ ወይም ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ብቻዋን ነፋሱን ትጋፈጣለች። የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል በ2011 የሴቶች ብቻ የሆነው ሰዓት ብቻ ክብረ ወሰን እንዲባል ወስኖ ነበር። ይህም እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ በ2003 በለንደን ያስመዘገበችውን 2:15:25 ከመዝገብ የሚያወርድ በመሆኑ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ በመጨረሻም ሁለቱም እንዲመዘገቡ ተደረገ።

ስለዚህ 2:11:53 እና 2:15:50 እርስ በርስ የሚፎካከሩ ሰዓቶች አይደሉም። የበርሊኑ በድብልቅ ውድድር፣ የለንደኑ በሴቶች ብቻ ውድድር የተገኙ ናቸው። የድብልቁ ክብረ ወሰን በኦክቶበር 2024 በቺካጎ በኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች 2:09:56 ሆኗል። አትሌቷ በ2025 በአበረታች ቅመም ምክንያት የ3 ዓመት እገዳ ተጥሎባታል፤ የተሰረዙት ውጤቶቿ ግን ከማርች 2025 ወዲህ ያሉት በመሆናቸው የቺካጎው ሰዓት አልተነካም።

ኦሊምፒክ ደግሞ አሯሯጭ የለውም። በ2024 በፓሪስ ሲፋን ሀሰን በ2:22:55 ስታሸንፍ ትዕግሥት አሰፋ በ2:22:58 የብር ሜዳሊያ ወሰደች። ከበርሊኑ ሰዓቷ 11 ደቂቃ ቢዘገይም፣ ዳገት በበዛበት መንገድ ያለ አሯሯጭ የተገኘ በመሆኑ ያነሰ ብቃት ነው ሊባል አይችልም። የሁለት ሯጮችን ሰዓት ከማነጻጸር በፊት የውድድሩን ዓይነትና መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል።

5. መንገዱ፦ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የተሮጠ ማራቶን ለምን አይመዘገብም?

የጎዳና ላይ ክብረ ወሰን የሚጸድቀው መንገዱ የሚከተሉትን ሲያሟላ ነው፦

— ልኬት፦ መንገዱ በታወቀ መዛኝ መለካት አለበት። ልኬቱ የሚከናወነው በብረት ሜትር በተለካ ቀጥታ መስመር ላይ በተስተካከለና ቆጣሪ በተገጠመለት ብስክሌት ነው። ሯጮች ሊከተሉት የሚችሉት አጭሩ መስመር ይለካል። ለጥንቃቄ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ሜትር ይጨመራል።
— ቁልቁለት፦ በመነሻውና በመድረሻው መካከል ያለው የከፍታ ቅናሽ ከርቀቱ አንድ ሺህኛ መብለጥ የለበትም፤ ይኸውም ለ10 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር፣ ለግማሽ ማራቶን 21 ሜትር፣ ለማራቶን 42 ሜትር ነው።
— የመነሻና የመድረሻ ርቀት፦ ሁለቱ ቦታዎች በቀጥታ መስመር ሲለኩ ከውድድሩ ርቀት ግማሽ በላይ መራራቅ የለባቸውም። ይህ ነፋስ ከኋላ እየገፋ ሯጭን እንዳያግዝ ለመከላከል የተደነገገ ነው።
— ሰዓት፦ በጎዳና ሩጫ የሰከንድ ክፍልፋይ ወደሚቀጥለው ሙሉ ሰከንድ ይጠጋጋል።

ደንቡን በአካባቢው መንገድ ማስረዳት ይቻላል። ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ያለው አስፋልት 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከማራቶን ርቀት ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ ጋር የሚቀራረብ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በደንቡ የተፈቀደው ቅናሽ 42 ሜትር ሲሆን በዚህ መንገድ ግን 900 ሜትር ያህል ይወረዳል። ማንኛዋም ሯጭ በዚህ ቁልቁለት የምትሮጠው ሰዓት ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን ለክብረ ወሰን አይበቃም፤ ከሌላ ሩጫ ሰዓት ጋርም ሊነጻጸር አይችልም።

ታዋቂ ውድድሮችም ከዚህ ደንብ አያመልጡም። የቦስተን ማራቶን ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላ የሚሄድና ከ130 ሜትር በላይ የሚወርድ በመሆኑ በዚያ የተሮጠ ሰዓት ለዓለም ክብረ ወሰን አይቀርብም። ኢትዮጵያዊቷ ብዙነሽ ዳባ በ2014 በቦስተን የሮጠችው 2:19:59 የውድድሩ ክብረ ወሰን ሆኖ እስከ 2025 ቢቆይም የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ ውስጥ የሚገባ አልነበረም።

የፎገራ ሜዳ ራሱ ግን ለጥ ያለ በመሆኑ ቁልቁለት የማይከብድበት ቦታ ነው። በሜዳው ላይ ሄዶ በዚያው የሚመለስ መንገድ በትክክል ከተለካ የቁልቁለቱንም የመራራቁንም ደንብ ያሟላል። ለከፍታ ተብሎ በሰዓት ላይ የሚደረግ ቅናሽ የለም፤ በ1,800 ሜትር ላይ የተሮጠ ሰዓት በባሕር ጠረፍ ከተሮጠ ሰዓት ጋር በአንድ መዝገብ ይታያል።

6. ጫማ

የሩጫ ጫማ ሶል ውፍረት ገደብ አለው። በጎዳና ላይ ሩጫ እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል። በመም ላይ ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለሁሉም ርቀቶች 20 ሚሊ ሜትር ሆኗል። በሶሉ ውስጥ ከአንድ በላይ ጠንካራ ዝርግ መኖር የለበትም።

ገደቡን ማለፍ ውጤትን ያሰርዛል። በሴፕቴምበር 2021 ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን በአንደኛነት ከጨረሰ በኋላ፣ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉን አጥቷል። የበለጠው በ1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ለመም የሚሆን ጫማና ለጎዳና የሚሆን ጫማ የተለያዩ መሆናቸውን አሠልጣኞች ከውድድር በፊት ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

7. አበረታች ቅመሞች

በዚህ ደንብ አንዲት ሯጭ በሰውነቷ ውስጥ ለተገኘ ማንኛውም የተከለከለ ነገር ራሷ ተጠያቂ ናት። «አላወቅሁም» ወይም «ሰው ሰጠኝ» የሚለው መልስ ቅጣት ሊያቀልል ይችል ይሆናል እንጂ ውጤቱን አያድንም። የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ይታደሳል። በአገራችን ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ነው።

ሯጮችና ወላጆች በተለይ የሚከተሉትን ሊያውቁ ይገባል፦

— በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትም ከዝርዝሩ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሯጯ ስትታከም ስፖርተኛ መሆኗን ለሐኪሙ መንገር አለባት። መድኃኒቱ የግድ ካስፈለገ አስቀድሞ የሕክምና ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል።
— በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስና ሌላ ፈሳሽ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ የተከለከለ ነው። የሚፈቀደው በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በምርመራ ሂደት የተሰጠ ሲሆን ነው። ከልምምድ በኋላ ድካም ለማስወገድ ተብሎ የሚወሰድ ግሉኮስ በዚህ ክልከላ ውስጥ ይወድቃል።
— የያዘው ነገር በውል ያልታወቀ የባህል መድኃኒት፣ የኃይል ሰጪ ዱቄትና እንክብል አደጋ አለው።
— በምርመራ መዝገብ ውስጥ የገቡ ከፍተኛ አትሌቶች በየቀኑ ለ60 ደቂቃ የሚገኙበትን ቦታ አስቀድመው ያሳውቃሉ። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይህን ያጓደለች አትሌት ቅመም ባይገኝባትም ትቀጣለች።

ሕገ ወጥ ቅመም የሚጎዳው ተጠቃሚውን ብቻ አይደለም። በቦስተን በ2014 ብዙነሽ ዳባ መጀመሪያ የገባችው ሁለተኛ ሆና ነበር። ቀድማት የገባችው ኬንያዊት ሪታ ጄፕቱ በአበረታች ቅመም ጥፋተኛ ሆና ውጤቷ ሲሰረዝ ድሉ ለብዙነሽ ተሰጠ፤ በዕለቱ በሕዝብ ፊት የአሸናፊነት አክሊል የመቀዳጀት ዕድሉ ግን ተመልሶ የሚመጣ አልነበረም።

8. ዕድሜና የዘመን አቆጣጠር

በዓለም አቀፍ ውድድር የዕድሜ ክልል የሚቆጠረው በውድድሩ ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን ሯጯ በሚኖራት ዕድሜ ነው። በዚያ ዕለት 16 ወይም 17 ዓመት የሆናት ከ18 ዓመት በታች፣ 18 ወይም 19 ዓመት የሆናት ከ20 ዓመት በታች ውስጥ ትመደባለች። በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ለመሮጥ ቢያንስ 20 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል።

ዲሴምበር 31 በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 21 ቀን ይውላል። በመሆኑም በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች በተለያየ የዕድሜ ክልል ሊመደቡ ይችላሉ። ለምሳሌ፦

— ኅዳር 5 ቀን 2001 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደችው ኖቬምበር 14 ቀን 2008 ነው። በ2026 በሚካሄድ ውድድር 18 ዓመት ስለሚሆናት ከ20 ዓመት በታች ትሮጣለች።
— ጥር 5 ቀን 2001 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ የተወለደችው ጃንዋሪ 13 ቀን 2009 ነው። በዚያው ውድድር 17 ዓመት ስለሚሆናት ከ18 ዓመት በታች ትሮጣለች።

«በ2001 ዓ.ም. ተወለደች» ብሎ ዓመቱን ብቻ መጻፍ ስለዚህ አይበቃም፤ ቀኑና ወሩም መታወቅ አለባቸው። የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የክለብ መዝገብና ፓስፖርት የተለያየ የልደት ቀን ከያዙ ሯጯ ወደፊት በዕድሜ ማጭበርበር ልትጠረጠር ትችላለች። ወላጆች የልጃቸውን ልደት በቀበሌ በሚካሄደው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢያስመዘግቡና ማስረጃውን ቢይዙ ይህ ችግር ከመነሻው ይወገዳል። ዕድሜን ቀንሶ ማስመዝገብ ለጊዜው የጠቀመ ቢመስልም፣ ሌሎች ልጆችን ተገቢ ቦታቸውን ያሳጣል፤ ሯጯንም በኋላ ለእገዳ ያጋልጣል።

9. ተመልካች ለምን ያስፈልጋል?

ሙያዊ ስፖርት የሚተዳደረው በተመልካች ነው። የቴሌቪዥን መብት፣ ማስታወቂያና ሽልማት ሁሉ የሚመጡት ሰው ስለሚያይ ነው። በድብልቅ ውድድር መሪዋ ሴት በብዙ ወንዶች መካከል ስለምትሮጥ ካሜራ በቀላሉ አያገኛትም፣ ፉክክሩም በግልጽ አይታይም። ታላላቅ ማራቶኖች ሴቶችን ለብቻቸው ማስነሣት የጀመሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የ«ሴቶች ብቻ» ደንብ የክብረ ወሰን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሴቶች በራሳቸው ሩጫ እንዲታዩ የማድረግ ጉዳይም ነው።

በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን በመዝጊያው ዕለት፣ ኦገስት 11 ቀን 2024 ተካሄደ። ከዚያ በፊት ያ ዕለት የወንዶች ማራቶን የሚሮጥበት ነበር። ትዕግሥትና ሲፋን እስከ መጨረሻው መስመር የተፋለሙበት ሩጫ ቀድሞ ለወንዶች ብቻ ይሰጥ በነበረው ሰዓት ለዓለም ታየ።

ተመሳሳይ ለውጥ በሌሎች ስፖርቶችም ይታያል። በቅርጫት ኳስ ሴቶች የሚጫወቱት ከወንዶቹ በመጠኑ አነስ ባለ ኳስ ሲሆን፣ የቅርጫቱ ከፍታ ለሁለቱም 3.05 ሜትር ነው። በ2024 የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ሴቶች ፍጻሜ በአማካይ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ የቴሌቪዥን ተመልካች ሲያገኝ የወንዶቹ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር፤ የሴቶቹ የወንዶቹን ሲበልጥ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት የናይጄሪያ ሴቶች ቡድን በፓሪስ ሩብ ፍጻሜ በመድረስ በኦሊምፒክ ቅርጫት ኳስ፣ በወንድም በሴትም፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ሆኗል። ጨዋታቸው በአግባቡ ሲተላለፍ ሕዝብ ሴቶችን አያይም የሚለው አስተያየት እንደማያስኬድ እነዚህ ውጤቶች ያሳያሉ።

በወረዳ ደረጃም ይኸው ይሠራል። የሴቶች ሩጫ ተመልካች ሳይሰበሰብ በማለዳ ተጀምሮ የሚያልቅ ወይም የወንዶቹ ከተጠናቀቀ በኋላ ሕዝቡ ሲበተን የሚካሄድ ከሆነ፣ የሚያያት ወላጅም፣ ለክለብ የሚመርጣት አሠልጣኝም አይኖርም።

10. በወረታና በፎገራ ለሚሮጡና ውድድር ለሚያዘጋጁ

ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚወስዱት መንገዶች በሚለያዩበት ቦታ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ለሯጭ ሁለት ጥቅም ይሰጣል፦ ለፍጥነት ልምምድ የሚሆን ለጥ ያለ ሜዳና፣ በአንድ መንገድ ርቀት ላይ የሚገኘው የደብረ ታቦርና የጉና ደጋ። በሌላ በኩል በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ዝቅተኛውን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ፤ ጥቁሩ አፈርም ይጨቀያል፤ የሩዝ ማሳውም ውኃ ይተኛበታል። ሯጮች በዚህ ወቅት ወደ አስፋልት ስለሚወጡ ለተሽከርካሪ አደጋ ይጋለጣሉ። በመሆኑም፦

ለሯጮችና ለወላጆች
— የልደት ማስረጃ ከቀን እስከ ዓመት ተሟልቶ ይያዝ፤ በሁሉም ሰነድ አንድ ዓይነት ይሁን።
— የተሮጠ ሰዓት ሲጻፍ ርቀቱ፣ ቦታው፣ ቀኑና የውድድሩ ዓይነት አብረው ይጻፉ።
— በአስፋልት ዳር ሲሮጥ ከፊት የሚመጣውን ተሽከርካሪ ማየት በሚያስችል አቅጣጫ፣ በቡድንና በብርሃን ሰዓት ይሁን።
— ወደ ውጭ አገር ውድድር ለመሄድ የብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወኪል ነኝ የሚል ሰው በፌዴሬሽኑ የታወቀ መሆኑ ይጣራ፤ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። ሯጯ በሚገባት ቋንቋ ተነቦላት ሳይገባት አትፈርም። ፓስፖርትና የልደት ማስረጃ ዋናው ቅጂ ለሌላ ሰው አይተው።

ለትምህርት ቤቶችና ለውድድር አዘጋጆች
— ርቀቱ በመኪና ቆጣሪ ብቻ አይለካ። የታወቀ መዛኝ ማግኘት ካልተቻለ ውጤቱ «ያልተረጋገጠ ርቀት» ተብሎ ይጻፍ።
— መንገዱ ሄዶ የሚመለስ ይሁን። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ ሩጫ ለበዓል ሊዘጋጅ ይችላል፤ የተገኘው ሰዓት ግን ለምርጫ መመዘኛ አይሁን።
— የመታጠፊያ ምልክቶች ቦታቸውን እንዳይለቁ ሰው ይመደብላቸው። የአንድ ምልክት መዛወር የሁሉንም ሯጮች ሰዓት ዋጋ ያሳጣል።
— የሴቶች ሩጫ ለብቻው ይነሣ፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰዓትም ይካሄድ።
— ጎርፍና ጭቃ ስለሚቀንስ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይመረጥ። የሩዝ አጨዳ በሚበዛበት ሳምንት ልጃገረዶች ከቤተሰብ ሥራ ስለማይለቀቁ ቀኑ ከወላጆች ጋር በመመካከር ይወሰን።
— የውጤት መዝገብ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በትምህርት ቤቱ ወይም በክለቡ፣ አንዱ በስፖርት ጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ በሯጯ እጅ ይቀመጥ።

ማጠቃለያ

ክብረ ወሰን የሚሰበረው በእግር ነው፤ የሚጸናው በልኬት፣ በምርመራና በሰነድ ነው። 54 ሜትር የጎደለ መንገድ፣ 1 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ሶል፣ ወይም ቀንና ወር የሌለው የልደት ማስረጃ የዓመታትን ልፋት ሊያሳጣ ይችላል። እነዚህን አስቀድሞ ማስተካከል ታላቅ ስታዲየም ወይም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በወረታና በፎገራ የምትሮጥ ልጅ ሰዓቷ በየትም ቦታ ተቀባይነት እንዲያገኝ፣ ከመጀመሪያው ውድድሯ አንሥቶ በትክክል ተለክቶ በትክክል ሊጻፍላት ይገባል።